ለእንግዳ የተሰናዳው ገንዳ

ማክሰኞ የካቲት 9 ቀን 2002 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ዶክተር አስካለ ቶላ ሲታከሙበት በነበረው ሆስፒታል ዐረፉ። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። ለሞት ያበቃቸው ሰባት ወር የታመሙት የኩላሊት ሕመም ነው። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አባትና እናታቸው ባረፉበት በአቃቂ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ።

ይህን ጽሑፍ ለአርባቸው እንዳዘጋጅ የጠየቁኝ ታናሽ እኅታቸው ወይዘሮ ጌጤ ናቸው። ምን ልጻፍ ብላቸው ብዙ አላሰቡም። «ያየኸውን ጻፍ። እንዳታሳምራት፤ ብታሳምራት አትወድልህም» አሉኝ። እዚህ የሰፈረው ራሴ ያየሁት ነው። ያላየሁትን ከነበሩ ሰዎች ጠይቄ፣ በሁለተኛ ሰው ወይም በወረቀት አመሳክሬያለሁ።

ዶክተር አስካለ የተወለዱት እዚሁ አቃቂ በሰቃ ነው። አባታቸው አቶ ቶላ ከአካባቢው ገበሬዎች ወገን ሆነው፣ ገና በወጣትነታቸው ለባቡር ሐዲድ ጥገና የተቀጠሩ ሰው ነበሩ። በየማለዳው በብረት መለኪያ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ስፋት እየለኩ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ዶክተር አስካለ ይህን ደጋግመው ያነሡት ነበር። «አባቴ ያንኑ ሐዲድ ሠላሳ ዓመት ለካው። ትናንት ለክተኸው የለም ወይ ስንለው፣ ትናንት የለካሁት የትናንቱን ነው ይለን ነበር።»

የእኛ ቤት ከእነሱ ቤት ሦስት ግቢ ዝቅ ብሎ ነው። እኔ ፊደል ስቆጥር እሳቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነበር። ውጭ አገር ተምረው ዶክትሬታቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ መሃል ከተማ ቤት ይይዛሉ ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። እሳቸው ግን ሻንጣቸውን አባታቸው ቤት አሳረፉ፤ ከዚያ በኋላም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከአቃቂ በሳሪስ በኩል በአውቶቡስ እየተመላለሱ ኬሚስትሪ አስተማሩ። በልጅነታችን «እትዬ አስካለ» እንላቸው ነበር። ዶክተር ሆነው ሲመጡ ምን ብለን እንደምንጠራቸው ግራ ገባን። ራሳቸው ፈረዱት፤ ግቢ ውስጥ እትዬ፣ ሥራ ቦታ ዶክተር።

የሙያቸው ስም ኤሌክትሮኬሚስትሪ ነው። ኤሌክትሪክ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ብረት ላይ ምን እንደሚያደርስ የሚያጠና የሳይንስ ዘርፍ ነው። ባትሪ የዚህ ነው፤ ዝገት የዚህ ነው፤ ብረትን ኒኬል መቀባትም የዚህ ነው። የእሳቸው ድርሻ ደግሞ ሒሳቡ ነበር። ፈሳሹ በሚሞላበት ገንዳ ውስጥ ኤሌክትሪኩ በየት በኩል በርትቶ፣ በየት በኩል ደክሞ እንደሚያልፍ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ገንዳውን በቁጥር ይሠሩታል። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ የገንዳውን ቅርጽ ይሥላሉ፤ እያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ያንን ቁጥር ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ባሉት አራት ቁጥሮች አማካይ ይተኩታል። ቁጥሮቹ መለወጥ እስኪያቆሙ ድረስ ይህን ይደጋግሙታል። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ከወለል እስከ ኮርኒስ ተለጥፎ አይቻለሁ። ሰፈርተኛው «የአስካለ ገበጣ» ይለው ነበር። ሰምተውታል፤ አልከፋቸውም። «ገበጣስ ይሁን፤ ግን እኔ ከራሴ ጋር ስለምጫወት መቼም አላሸንፍም» ብለዋል።

ገና ጀማሪ ዘጋቢ ሳለሁ ነገሩን እንዲያስረዱኝ ጠየቅኳቸው። የሰጡኝ መልስ በማስታወሻ ደብተሬ እንዳለ ነው፦ «መሃል ላይ ያለውን ቁጥር አላውቀውም። ጎረቤቶቹን እጠይቃለሁ። እነሱም አያውቁም፤ የራሳቸውን ጎረቤቶች ይጠይቃሉ። እንዲህ እያለ ጥያቄው ዳር ይደርሳል። ዳሩን ግን ማስላት አይቻልም። ዳሩ ላይ ያለውን ሄዶ ማየት ነው።»

በኋላ ትምህርት ክፍላቸው አንድ ኮምፒውተር አገኘ። ቁልፍ ያለው ክፍል ውስጥ፣ ጨርቅ ለብሶ የሚቀመጥ ነበር። ተራ ይጠበቅለታል። ገበጣውን ወደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ የቀየሩት ራሳቸው ናቸው። በወረቀት ሳምንት የሚፈጀውን ስሌት ማሽኑ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል፤ ያም መብራት ካልጠፋ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢያቸው በር ላይ ሹፌሮች ይሰለፉ ነበር፤ የታክሲ፣ የጭነት መኪና፣ አንዳንዴም ባትሪውን ለራዲዮ የሚጠቀምበት ባለ ጋሪ። የደከመ ባትሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ። እሳቸው በመስታወት ቱቦ አሲዱን ስበው ያዩና ይነሣል ወይም አይነሣም ይላሉ። አይነሣም የተባለ ሁሉ ይከራከራቸዋል። አንዱን ባለ ውይይት ታክሲ እንዲህ ሲሉት ሰምቻለሁ፦ «ሞቷል ልጄ። አልሞተም የሚልህ ካገኘህ፣ ሌላ ሊሸጥልህ ነው።» ለዚህ ከማንም ምንም ተቀብለው አያውቁም።

አሁን የምጽፈው ነገር የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያዎቹ ማብቂያ፣ የመንግሥት ፋብሪካዎች ወደ ግል ይዛወራሉ እየተባለ ሠራተኛው ሁሉ ስለ እንጀራው በሚያስብበት ጊዜ ነው። አቃቂ ውስጥ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ለገጠር የውሃ ጉድጓድ የሚሆኑ የፓምፕ ዘንጎች ይሠራ ነበር። የፋብሪካውን ስም መጥራት ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። ዘንጎቹ እንዳይዝጉ ኒኬል ይቀባሉ። ሞቅ ባለ አረንጓዴ ፈሳሽ በተሞላ ገንዳ መሃል ይንጠለጠላሉ፤ በገንዳው ግራና ቀኝ ባሉት አሥራ ሁለት መንጠቆዎች ላይ የኒኬል ቁራጮች ይሰቀላሉ፤ ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ኒኬሉ ከቁራጮቹ እየሟሟ ሄዶ ዘንጎቹ ላይ ያርፋል። መመሪያው ለዚህ አንድ ሰዓት ይሰጣል።

የኒኬል ክፍሉ ኃላፊ አቶ ደምሴ ወርዶፋ ነበሩ። በዚያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በእጃቸው ነው፤ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የአቶ ደምሴ በር ነበር።

በዚያ ዓመት ከገጠር የተላኩ ዘንጎች ዝገው ተመለሱ። ሲመረመሩ ቅቡ ስስ ሆኖ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምሴ ቶሎ ለመጨረስ ሲሉ ዘንጎቹን ከሰዓቱ በፊት ያወጣሉ የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱና ጉዳዩን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መሩት። ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት የባለሙያ ቃል ፈለገ። ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲው ተጻፈ፤ ዶክተር አስካለ ተመደቡ። ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንደሚመጡም ለፋብሪካው በደብዳቤ ተገለጸ።

ሰኞ ደረሱ። ሁለት ቀን ሠሩ። የገንዳውን ርዝመትና ጥልቀት፣ የመንጠቆዎቹን ቦታ፣ የፈሳሹን ሙቀት፣ የኤሌክትሪኩን መጠን ለኩ። ከተመለሱት ዘንጎች የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች ተሰጧቸው። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዱ። ሪፖርታቸው ሦስት ገጽ ነበር። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «በመመሪያው የታዘዘው ጊዜ ከተጠበቀ የቅቡ ውፍረት በየትኛውም የዘንጉ ክፍል በቂ ይሆናል፤ ስለዚህ የቅቡ መሳሳት የሚያመለክተው ጊዜው አለመጠበቁን ነው።»

ሪፖርቱ እኔም እጅ ገባ። በምሠራበት ጋዜጣ ላይ አራት አንቀጽ ዜና አወጣሁ። የአቶ ደምሴን ስም አልጠቀስኩም። ነገር ግን በፋብሪካው ያለው ኒኬል ክፍል አንድ ነው፤ ኃላፊውም አንድ ነው። ዜናውን ከመጻፌ በፊት አቶ ደምሴን አልጠየቅኳቸውም።

አቶ ደምሴ ከሥራ ታገዱ። ኮሚቴው ውሳኔ የሚሰጥበት ቀን ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓርብ ሆነ። በመሃሉ የዕድሩ ሁለት ሽማግሌዎች ቤታቸው ሄደው፣ ነገሩ እስኪጠራ ድረስ ከቁልፉ ትንሽ ቢያርፉ ምን ይመስላቸዋል ብለው ጠየቁ። አቶ ደምሴ ክርክር አላነሡም። አብረዋቸው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ፤ ዕቃውን አንድ በአንድ አስቆጠሩ፤ አንድም የጎደለ አልነበረም። ቁልፉን አስረክበው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ባለቤታቸው በኋላ እንደነገሩኝ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ከበራቸው አልወጡም።

ነገሩን የለወጠው አንድ ሹፌር ነው። ብርሃኑ ይባላል፤ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ውሳኔው ሊሰጥ አምስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ ባትሪውን ይዞ ዶክተር አስካለ በር ላይ ቆመ። የባትሪው ማሰሪያ አልፈታ ሲለው ከመኪናው ረጅም ብረት አውጥቶ ይፈነቅለው ጀመር። ዶክተር አስካለ ብረቱን አዩት።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከፋብሪካው የተጣለ ነው እትዬ። ዝጓል ብለው ጣሉት። እኔ ግን ጎማ ስፈታ እንደሱ ያለ የለም።»

«የዛገው የቱ ጋ ነው?»

«ይኸው፣ ጫፉ ብቻ ነው። ሌላውማ መስታወት በሉት።»

ወይዘሮ ጌጤ በረንዳው ላይ ነበሩ። እኅታቸው ብረቱን ተቀብለው በጨርቅ ወለወሉት፤ ወደ ብርሃን አዞሩት ብለውኛል። በመጨረሻ ለብርሃኑ ከአባታቸው ዕቃ ውስጥ አንድ የብረት ቧንቧ አምጥተው ሰጡትና «ባትሪህ ሞቷል። ይኸኛውን ግን እኔ እወስደዋለሁ» አሉት።

ሰኞ ላቦራቶሪ ውስጥ ዘንጉን በአሥራ አንድ ቦታ ቆርጠው የቅቡን ውፍረት በማይክሮስኮፕ ለኩ። ከላይ በኩል ቅቡ ሙሉ ነበር። የታችኛው ሲሶ፣ ያውም በአንድ ጎኑ፣ እጅግ ስስ ነበር። ትርጉሙን ለእኔ ያስረዱኝ እንዲህ ነው፦ «ቀለም ቀቢ ሁለት ጊዜ መቀባት ሲገባው አንድ ጊዜ ቢቀባ፣ ግድግዳው ሁሉ ይሳሳል። ግማሹ ደማቅ፣ ግማሹ ባዶ አይሆንም። ጊዜ ያጎደለ ሰው እንዲህ ያለ ዘንግ ሊሠራ አይችልም። እንዲህ የሚሆነው ገንዳው ራሱ እኔ ከለካሁት የተለየ ከሆነ ነው።» መጀመሪያ የተሰጧቸው ቁራጮች ከተበላሸው ጫፍ ብቻ የተቆረጡ ነበሩ። ሙሉውን ዘንግ አሳዩኝ አላሉም ነበር። ይህን በሁለተኛው ሪፖርታቸው ገጽ አንድ ላይ ጽፈውታል።

ረቡዕ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ፋብሪካው ሄዱ። የጥበቃ ሠራተኛው አስቀድሞ ካልተደወለለት ማስገባት እንደማይችል ነገራቸው። «ከደወልክ የመጣሁበት ነገር ይጠፋል» አሉት። እሱም «ሳልደውል ካስገባሁዎት ነገ እኔም ከጋሽ ደምሴ ጎን መቀመጤ ነው» አላቸው። ትክክል ነህ አሉትና የእንግዳ መዝገቡን ጠየቁ። መዝገቡን አይቼዋለሁ። በስማቸው ፊት ለፊት በእጃቸው የተጻፈው «ጥበቃው ከልክሎኝ ነው የገባሁት» ይላል፤ ፈርመውበታል።

ኒኬል ክፍል የገቡት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከአሥራ ሁለቱ መንጠቆዎች ኒኬል ያለባቸው አምስቱ ብቻ ነበሩ፤ ከነሱም ሦስቱ ተበልተው ከጉማጅ የማይበልጡ ሆነዋል። በመጀመሪያው ጉብኝታቸው ባዩት ገንዳ ውስጥ ዘንጎቹ በአንድ ረድፍ፣ ተራርቀው ነበር የተሰቀሉት። አሁን በሁለት ረድፍ፣ አንዱ ሌላውን ጋርዶ ተጠጋግተዋል። በአቶ ደምሴ ቦታ የሚሠሩት ተተኪዎች ነበሩ። ዘንግ የሚያጥቡትን ወይዘሮ ዘነበችን ዞር አድርገው፣ ያኔ ያየሁት ገንዳ እንዲህ አልነበረም አሏቸው።

ወይዘሮ ዘነበች ጥያቄው አልገባቸውም። «ያኔማ እርስዎ ይመጡ ነበራ» አሉ።

ኒኬሉ ለዚያ ሁለት ቀን ከዕቃ ግምጃ ቤት ወጥቶ፣ እሳቸው ሲሄዱ ተመልሷል። ለሌላ ሥራ የተያዘ ነበር። ገንዳው በዋዜማው ተጠርጓል፤ ዘንጎቹ እንዲራራቁ ተደርጓል፤ ወለሉ ታጥቧል። ይህን ሁሉ ያስደረገው ማን ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ጋሽ ደምሴ ናቸው ተባሉ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ደምሴ ቤት ሄዱ። የተነጋገሩትን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፤ የነገሩኝ አንድ ዓይነት ነው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን ልንገርዎ? እርስዎን የሚያህል ሰው ሲመጣ ያንን ገንዳ እንዲያ እንዳለ ላሳይዎ? ኒኬል አለቀብን ብዬ ዘጠኝ ወር ጽፌያለሁ፤ የሰጠኝ የለም። እርስዎ ይመጣሉ ሲባል ሰጡኝ። ደስ ብሎኝ ነው ያሰናዳሁት።»

«ሪፖርቱ ከወጣ በኋላስ?»

«ከወጣ በኋላማ ብናገር፣ ደምሴ ዶክተሯን ውሸታም አላቸው ሊባል ነው። ይህን ደግሞ በእርስዎ ላይ አልናገርም።»

ዶክተር አስካለ ያኔ የመለሱት ይህን ነው፦ «እኔ ገንዳዎን አላየሁም። ያየሁት መስተንግዶዎን ነው። አስልቼ የፈረድኩብዎ በእሱ ነው።»

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ይቀመጣል። ስሌቱ በእውነተኛው ገንዳ መደገም ነበረበት። የኮምፒውተሩን ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው ለመስክ ሥራ ወጥቷል፤ እስከ ሰኞ አይመለስም። ሐሙስ ጠዋት ዶክተር አስካለ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ገጥመው ባለ ካሬ ወረቀት ዘረጉ። እኔንም አስጠሩኝ። ስደርስ «የጻፍከው ዜና ስሕተት ነው፤ ምንጩ እኔ ነኝ። ተቀመጥ» ብለው እርሳስ ሰጡኝ። አቶ ደምሴ ነበሩ፤ ወይዘሮ ጌጤ ነበሩ፤ ሁለት ተማሪዎቻቸው ነበሩ። የወረቀቱን ዳር፣ ማለትም ኒኬል ያለበትንና የሌለበትን መንጠቆ፣ የዘንጎቹን ሁለት ረድፍ፣ ዶክተር አስካለ ብቻቸውን ሞሉት። መሃሉን ለእኛ አካፈሉን። አራት ቁጥር መደመር፣ ለአራት ማካፈል፣ ማጥፋት፣ መጻፍ።

አቶ ደምሴ ትምህርታቸው ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ እጃቸው ግን ከሁላችን ይበልጥ ቀጥ ያለ ነበር። አንድ ጊዜ ሲሳሳቱ ወይዘሮ ጌጤ አዩአቸው።

«ጋሽ ደምሴ፣ የእርስዎ ቁጥር ከጎረቤቶቹ ጋር አልተስማማም» አሉ።

«የእኔ ጎረቤቶችማ ቁልፌንም ወስደዋል» አሉ አቶ ደምሴ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ።

ከነገሩ ወዲህ የቀለዱት የመጀመሪያ ቀልድ ይህ ነው ብለዋል ባለቤታቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቁጥሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። ዶክተር አስካለ ከወረቀቱ ላይ የቅቡን ውፍረት በአሥራ አንዱ ነጥብ አሰሉና ብርሃኑ ካመጣው ብረት ልኬት ጎን ጻፉት። የታችኛው ሲሶ በአንድ ጎኑ ሳስቶ ወጣ፤ ሰዓቱ ሙሉ ቢጠበቅም ያው ነው። በዘጠኙ ነጥብ ስሌቱና ልኬቱ ተቀራረቡ። በሁለቱ አልተቀራረቡም። ከተማሪዎቹ አንዱ ሁለቱን ብንተዋቸውስ አለ። «በመተው የመጣብንን አየን አይደል?» አሉት። አሥራ አንዱም ሪፖርቱ ውስጥ ገቡ።

ኮሚቴው ፊት የሆነውን ከቃለ ጉባኤውና ከሁለት አባላት ነው ያገኘሁት። የሁለተኛው ሪፖርት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «የመጀመሪያው ሪፖርቴ ስሕተት ነው» ይላል። ሥራ አስኪያጁ በጨዋ ቋንቋ፣ «ተጨማሪ ማብራሪያ» ተብሎ ቢቀርብ የዶክተርም ስም ይጠበቃል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዶክተር አስካለ አልተቀበሉም።

«የእኔን ስም ለመጠበቅ ከሆነ የአቶ ደምሴ የት ይሄዳል? ስሕተት የሚለው ቃል ከወጣ፣ ሰውየው አጥፍቶ ይቅር ተባለ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ አላጠፉም።»

ቃሉ ከሪፖርቱ አልወጣም። አቶ ደምሴ ሰኞ ሥራቸው ላይ ተገኙ።

ኒኬሉ የተገዛው ከአምስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ዶክተር አስካለ ባለው ኒኬል መሥራት የሚቻልበትን መንገድ በወረቀታቸው ፈለጉ። ዘንጎቹ በአንድ ረድፍ ብቻ እንዲሰቀሉ፣ ግማሽ ሰዓት ሲሆንም ላዩ ታች ሆኖ እንዲገለበጡ አዘዙ። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ዘንጎች ዝገው ተመለሱ የሚል መዝገብ አላገኘሁም።

ኮሚቴው በተቀመጠ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ዶክተር አስካለ ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥተው ነበር። ማረሚያው ዜናው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን እንዲወጣ ጠየቁ። እኔም ደግፌ ለአለቃዬ አቀረብኩ። ማረሚያው በውስጥ ገጽ ታች ወጣ። ዶክተር አስካለ በማስመሪያ ለክተውት ነበር። «ዜናህ አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ይህ አራት ነው» አሉኝ፤ ሳይቆጡ። ከዚያ የዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ በተደረገበት እሑድ ከአባላቱ ፊት ቆመው ሁለተኛውን ሪፖርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡ። ከአሥር ሰው በላይ የገባው አይመስለኝም። ሲጨርሱ ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ለአቶ ደምሴ ሰጡ።

ከዚያ ወዲያ ዶክተር አስካለ የትኛውም ፋብሪካ ሲሄዱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «መምጣቴን ለማን ነው የነገራችሁት?» የሚል ሆነ። ኮምፒውተሮች በዙ፤ እኛ ሐሙስን ሙሉ የደከምንበትን የተማሪዎቻቸው ማሽን በዓይን ጥቅሻ ይሠራው ጀመር። እሳቸው ግን ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰጡት ያንን የተሳሳተ ሦስት ገጽ ሪፖርት ነበር፤ ስሕተቱን ፈልግ ብለው። አብረዋቸው የሠሩ አንድ መምህር እንደነገሩኝ ተማሪው ሳምንት ፈልጎ ያጣዋል። ሲመለስ «ስሌቱ ትክክል ነው፤ አትድከም» ይሉታል። ከዚያ የአቶ ደምሴን ነገር ይነግሩታል።

ባለፈው ዓመት ሲታመሙ የጎበኘኋቸው አራት ጊዜ ነው። በመጨረሻው ጊዜ አንድ የድሮ ተማሪያቸው የላከላቸውን የባትሪ ስሌት በእርሳስ ያርሙ ነበር። ዳር ላይ ያለውን ማን እንደለካው አልጻፈም ብለው አማረሩ። ስለ ራሳቸው ሕመም የተናገሩት ሐኪሙ የነገራቸውን ቁጥር ብቻ ነው።

የካቲት 9 ቀን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የአቶ ደምሴ በር ተንኳኳ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ቁልፉ ግን አሁንም እሳቸው ጋ ነው። የልቅሶውን ድንኳን ከዕቃ ቤት ያወጡት እሳቸው ናቸው። ካስማውን ለሌላ ሰው አልሰጡም።

ዶክተር አስካለ፣

ግቢዎ ውስጥ እትዬ ነበሩ፤ ይህ ግን ለሁሉም የሚነበብ ነውና በሥራ ስምዎ እጠራዎታለሁ። እኅትዎ እንዳላሳምርዎ አዘውኛል። ያወቅሁትን ጻፍኩ፤ የተሳሳቱትንም ጻፍኩ፤ የእኔንም ከጎኑ አኖርኩ። ማረሚያው አሁን ከአሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር በልጧል። ዘግይቷል፤ ይቅር ይበሉኝ። ያስተማሯቸው ከብዙ ከተማ ደውለዋል። ብርሃኑም መጥቶ ነበር፤ ቧንቧው እስካሁን መኪናው ውስጥ እንዳለ ንገርልኝ ብሎኛል። በአባትዎ አጠገብ በሰላም ይረፉ።

ባለፈው ሐሙስ ለማንም ሳልናገር ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። ጥበቃው ሳይደውል አስገባኝ። ከገንዳው በላይ በእጅዎ የጻፉት ወረቀት በመስታወት ተከልሎ ተሰቅሏል፤ «እንግዳ ሲመጣ ምንም አትለውጡ» ይላል። ሰዓቱ አራት ከሃያ ነበር። ዘንጎቹ በአንድ ረድፍ ናቸው። መንጠቆዎቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። በአሥራ አንዱ ላይ ኒኬል አለ።